ሐዋሳ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚነሳ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ምን ዓይነት ይሁን?

ለአገራችን የሚሆን አዲስ ቀላል ማሠልጠኛ አውሮፕላን እንንደፍ ቢባል፣ ከክንፉ ቅርጽና ከሞተሩ ስም በፊት ወረቀቱ ላይ መስፈር ያለበት አንድ መስመር አለ፦ ሐዋሳ፣ መጋቢት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 28 ዲግሪ፣ ሁለት ሰውና ሙሉ ነዳጅ። የቀረው ስሌት ሁሉ ከዚህ መስመር ይነሳል። ብዙ ጊዜ ስለ አዲስ አውሮፕላን ሲወራ ጨዋታው የሚጀምረው ከመልኩ ወይም ከኮክፒት ስክሪኑ ነው። ስክሪን በማንኛውም ጊዜ ይቀየራል፤ ቀጭን አየር ውስጥ ጉልበት ያነሰው አውሮፕላን ግን ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያው ነው የሚኖረው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአብራሪ ቋንቋ 5,580 ጫማ መሆኑ ነው። አዳማም ከዚህ የራቀች አይደለችም፤ ስለዚህ እዚህ የሚወጣው ስሌት ለሁለቱም ይሠራል። መደበኛ የሚባለው ከባቢ አየር በዚህ ከፍታ ላይ 4 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚጠብቀው። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 28 ካለ በ24 ዲግሪ በልጠናል ማለት ነው። እያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ይጨምራል፤ 24 ጊዜ 120 ሲባዛ 2,880 ይሆናል። ይህ ሲደመር ዴንሲቲ አልቲትዩዱ 8,460 ጫማ ላይ ይደርሳል። አውሮፕላኑ የቆመው ሐዋሳ ነው፤ ክንፉ፣ ፕሮፔለሩና ሞተሩ የሚያገኙት አየር ግን የ8,460 ጫማ አየር ነው። ጥግግቱ ከባሕር ጠለሉ 77 በመቶ ብቻ ነው።

ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ አየር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ በተለመደው ቀመር ሲሰላ 74 ወይም 75 በመቶው ነው የሚቀረው። 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው የቀላል አውሮፕላን ሞተር ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ 75 ላይ ይወርዳል ማለት ነው። 180 ጉልበት ያለው ሴስና 172 ኤስ አውሮፕላን 134 ገደማ ይቀረዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በ14 ዲግሪ ያው 100 ጉልበት 79 ይሆናል። ጠዋት መብረር ይረዳል፤ ግን የሚያተርፈው አራት አምስት ጉልበት ብቻ ነው። ዋናው ባለዕዳ ከፍታው ስለሆነ «በጠዋት እንበራለን» የሚለው መልስ አይበቃም። ደግሞም የማሠልጠኛ ተቋም አውሮፕላኑን ግማሽ ቀን አቁሞ ወጪውን ሊችል አይችልም።

ይህ ቁጥር ተማሪው ላይ ምን ያደርጋል? እስቲ አንድ መነሻ ንድፍ እናስቀምጥ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት፣ ጠቅላላ ክብደቱ 750 ኪሎ፣ የክንፉ ስፋት 12 ካሬ ሜትር፣ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ ጫፍ 10 ሜትር። የፍጥነት መርፌው 65 ኖት (ኖት የአብራሪዎች የፍጥነት መለኪያ ነው) እያሳየ ሲወጣ ወደ ኋላ የሚጎትተው የአየር ኃይል ወደ 570 ኒውተን ይመጣል። 912ን ከተራ ፕሮፔለር ጋር ብንገጥምለት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ በደቂቃ 770 ጫማ ይወጣል። ሐዋሳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን 390 ገደማ ነው የሚሰጠን። ጉልበቱ በሩብ ቀንሶ መውጣቱ በግማሽ የቀነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ አውሮፕላኑን አየር ላይ ለማቆየት ብቻ የሚያስፈልገው ጉልበት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። የሚያወጣን ትርፉ ነው፤ የተበላውም እሱ ነው።

ሰርኪት ላይ፣ ማለትም ተማሪው እየተነሳና እያረፈ ሜዳውን በሚዞርበት ልምምድ ላይ፣ ሲታይ ነገሩ የበለጠ ይሰማል። 1,000 ጫማ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያልፋል። መርፌው 65 ኖት ቢያሳይም በቀጭኑ አየር ትክክለኛው ፍጥነት 74 ኖት ስለሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ተማሪው ዳውንዊንድ ላይ (ከሜዳው ጎን ትይዩ በሚበረው የዙሩ ክፍል) ሆኖ ፍተሻውን መጨረስ በነበረበት ሰዓት ገና በቀጥታ እየወጣ ነው። ሞተሩ በመሃል ቢያቅተው ሜዳው ከኋላው ርቋል፤ ከፍታው ደግሞ ለመመለስ አይበቃም። አንድ ዙር ሰርኪት ይረዝማል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረጉ ማረፎች ያንሳሉ፣ ተማሪው ለአንድ ማረፊያ የሚከፍለው ይበዛል። ስለዚህ የማሠልጠኛ አውሮፕላን የመውጣት አቅም የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ደኅንነትም የትምህርት ዋጋም ነው። የኛ መስፈርት በዚያ መስመር ላይ በተጻፈው ሁኔታ በደቂቃ 700 ጫማ ቢሆን ተገቢ ነው እንላለን።

ክብደትና ክንፍ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። 750 ኪሎ የመረጥነው የአውሮፓው «በጣም ቀላል አውሮፕላን» ደንብ እዚያ ላይ ስለሚቆም ነው፤ ያው ደንብ ፍላፕ (የክንፉ ኋላ ተንቀሳቃሽ ሳንቃ) ወርዶ ስቶል፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት ፍጥነት፣ ከ45 ኖት እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ፍላፑ ጥሩ ሆኖ የማንሻ ቁጥሩ (የክንፉ የመሸከም አቅም የሚለካበት) 1.9 ከደረሰ 12 ካሬ ሜትር ለዚህ ይበቃል፤ ትንሽ ይተርፋልም። ባዶ ክብደቱ 480፣ ሁለት ሰው በ90 ሲታሰብ 180፣ 90 ሊትር ቤንዚን 65 ኪሎ፤ 725 ይሆናል። የቀረችው 25 ኪሎ የምትመስለው ለሻንጣ ነው፤ በተግባር ግን ንድፉ ሲሠራ የሚወፍርባት ነች። ያልወፈረ አዲስ አውሮፕላን የለም። በወረቀት 480 የተባለው 500 ሆኖ ቢወጣ አሁንም ሁለት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይይዛል፤ 530 ከሆነ ግን ከባድ አስተማሪና ከባድ ተማሪ ሲገናኙ ነዳጅ መቀነስ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሰው ደንብ መጣስ ይለምዳል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው አማራጭ ትልቅ ተራ ሞተር መግጠም ነው። 160 ጉልበት ያለው ላይካሚንግ ኦ-320 ሐዋሳ ላይ 119 ይቀረዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን ከሮታክሱ እጅግ ይከብዳል፣ አፍንጫውን ይጎትታል፣ የሚበላውም ብዙ ነው። በተለምዶ የሚጠጣው አቭጋስ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ደግሞ እንደ ጄት ነዳጅ ለሁሉም በረራ የሚመጣ ሳይሆን ለጥቂት ተጠቃሚ የሚገባ ነዳጅ ነው። አንድ ጭነት ሲዘገይ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

ሁለተኛው በጄት ነዳጅ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር ነው። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚያበረው ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ የያዘው ኤኢ300 ባለ 168 ጉልበት ተርቦ ናፍጣ ነው፤ መሠረቱም የመርሴዲስ የመኪና ሞተር ነው። ነዳጁ አየር መንገድ ባለበት ሁሉ ይገኛል፣ ከፍታውም ብዙ አይጎዳውም። ችግሩ ሞተሩ ብቻውን 186 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህን አፍንጫ ላይ ሰቅሎ 750 ኪሎ አውሮፕላን መሥራት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ዲኤ40 ወደ 1,300 ኪሎ የሚጠጋው። ለላቀው ደረጃ፣ ለኢንስትሩመንት (ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ የመብረር) ትምህርት፣ ትክክለኛ አውሮፕላን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ለሰርኪት ግን አራት መቀመጫ ይዞ መዞር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሦስተኛው ተርቦ ያለው ትንሽ ሞተር ነው፤ የኛ ምርጫም ይኸው ነው። ሮታክስ 914 ለመነሻ 115፣ ያለማቋረጥ ደግሞ 100 ጉልበት ይሰጣል፤ ያቺን 100 ከሐዋሳው 8,460 ጫማ እጅግ በላይ እስካለ ከፍታ ድረስ ይጠብቃታል። የመነሻው 115 ለ5 ደቂቃ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ስሌቱን በ100 እንሥራው። ፒቹ (የምላጩ ማዘንበያ አንግል) በበረራ የሚስተካከል ፕሮፔለር ጨምረን መውጣቱ በደቂቃ 740 ጫማ ይመጣል። 1,000 ጫማ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይገኛል፤ በተራው ሞተር ከነበረው ግማሽ መሆኑ ነው። የሚቀጥለው ታላቅ ወንድሙ 915 አይኤስ 141 ጉልበት እስከ 15,000 ጫማ ይዞ ይወጣል፤ በዚያ ሞተር በደቂቃ ከ1,200 ጫማ በላይ ይገኛል። ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ይወጣል፣ በኮምፒውተር የሚመራ ስለሆነ የሚጠግነው ሰውና መሣሪያም ሌላ ነው። አንድ አውሮፕላን ለማሠልጠን፣ ለቅኝትና ለፎቶ ካርታ ሥራ ይሁን ከተባለ 915ን እንመርጣለን። ለማሠልጠን ብቻ ከሆነ 914 ይበቃል።

ኤሌክትሪክ የሚለውም እንደ ሕልም መታየቱ ይቅር። ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ የተባለው ኤሌክትሪክ አውሮፕላን በ2020 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓ አቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ የዓይነት ማረጋገጫ አግኝቷል። ሞተሩ 57.6 ኪሎዋት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነው፤ ሐዋሳ ላይ ግን 100 ጉልበት የተባለው ተራ ሮታክስ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው 55 ኪሎዋት ገደማ ነው! ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ቀጭን አየር ጉልበቱን አይነካውም። በዚያ ላይ ቬሊስ 600 ኪሎ ብቻ ነው። አየር ላይ የሚቆየው እስከ 50 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ከሐዋሳ ተነስቶ አርባ ምንጭ አይደርስም፤ ለስድስት ሰባት ዙር ሰርኪት ግን ይሆናል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ፣ ቤንዚን ደግሞ በዶላር የሚገዛ ነው። ስለዚህ አዲሱ አካል ሲነደፍ ከእሳት መከላከያው ግድግዳ ፊት ያለው ክፍል በአራት ቡሎን የሚፈታና የሚቀየር ይሁን፣ ከመቀመጫው ኋላም ለባትሪ የሚሆን ጠንካራ ወለል ይተውለት። ዛሬ ባይገጠምም ነገ ይገጠማል።

914ን ስንመርጥ አብረውት የሚመጡትን ችግሮች ደግሞ ከንድፉ ጀምሮ መያዝ ያስፈልጋል። ቀዳሚው ነዳጅ መፍላት ነው። ተማሪው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አርፎ ሞተሩን ያጠፋል። ራዲያተሩና ኮፈኑ ውስጥ ይሄድ የነበረው አየር ቆሟል፤ የማርሚታውና የተርቦው ሙቀት የሚሄድበት የለም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባሉት 10 እና 20 ደቂቃዎች መካከል ኮፈኑ ውስጥ ያለው ሙቀት በበረራ ጊዜ ከነበረው ይበልጣል። ልክ በዚያ ሰዓት ሁለተኛው ተማሪ ገብቶ ቀበቶ ያስራል። ሐዋሳ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 81 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቤንዚኑ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። የመኪና ቤንዚን ደግሞ ከአቭጋስ የበለጠ ቶሎ የሚተን ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ አውሮፕላኑ ታክሲ ያደርጋል (መሬት ላይ ይነዳል)፣ የነዳጅ ግፊቱ መርፌ ትንሽ ይርገበገባል፤ ማንም ልብ ካላለው 200 ጫማ ላይ ሞተሩ ያስላል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። 914 ሁለት የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፖች አሉት፤ ሁለቱም ከእሳት መከላከያው ግድግዳ ኋላ፣ ከሳልባትዮው በታች፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። ፓምፕ ሲገፋ ግፊት ይጨምራል፣ ሲስብ ግን ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚፈላው የሚስበው ወገን ነው። ፓምፑን ኮፈን ውስጥ ያስገባ ንድፍ ሞቃቱን ቦታና ዝቅተኛውን ግፊት አንድ ላይ አገናኘ ማለት ነው። ከካርቡሬተሩ የሚተርፈው ነዳጅ ወደ ሳልባትዮ የሚመለስበት ቱቦ ሰፊ ይሁን፤ አረፋውን ይዞ የሚወጣው እሱ ነው። ኮፈኑ ውስጥ ያለ የነዳጅ ቱቦ ሁሉ እሳት መከላከያ ልባስ ይልበስ። ኮፈኑ አናት ላይ ተማሪው በእጁ የሚከፍታት የሙቀት መውጫ በር ትኑር። ክንፉ ከላይ ቢሆን ደግሞ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ክንፉን ከላይ እንድናደርገው ካሳመኑን ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሌላው ጥላ ነው፤ በመስታወት ጣራ ሥር 28 ዲግሪ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚሰማው ትምህርት የለም።

ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ ከሆኑ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሞተሩ ይቆማል። አንደኛው ፓምፕ ከጄኔሬተሩ፣ ሁለተኛው ከባትሪው፣ በተለያየ ሽቦ፣ በተለያየ ፊውዝ ይመገቡ። ሁለቱን በአንድ ማብሪያ ማገናኘት ሽቦ ያቀላል፤ ሰው ይጥላል።

ተርቦውም የራሱ ጠባይ አለው። ከሥራ በኋላ ወዲያው ከጠፋ በኩሽኔታው ዙሪያ የቀረው ዘይት ይቃጠልና ከሰል ይሆናል፤ ቀስ በቀስ ዘንጉን ይበላዋል። ካረፉ በኋላ ሁለት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር ማስኬድ ፍተሻ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። የአየር ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ዘንጉ ዝጎ ቢያዝ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ውስጥ ከልክ ያለፈ የአየር ግፊት ይገባል፣ ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ የመነሻ ጉልበቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከየቀኑ የመጀመሪያ በረራ በፊት በእጅ እንዲነካ ኮፈኑ በአንድ ደቂቃ የሚወልቅ ይሁን። የነዳጁ ኦክቴን 95 ይፈለጋል። ከማደያ የመጣ በርሜል በወረቀቱ ሳይሆን በናሙና ይታመን፤ ተርቦ ሞተር ዝቅ ባለ ኦክቴን ፒስቶን ይበሳል፣ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ድምፅም በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ አይሰማም። ኤታኖል እስከ 10 በመቶ ቢኖር ሞተሩ ይችለዋል፤ ነገር ግን ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ ውኃ ሲበዛበትም ከቤንዚኑ ተለይቶ ሥር ይቀመጣል። የሳልባትዮው ዝቅተኛ ቦታ ላይ በእውነት ዝቅተኛ የሆነ መቅጃ ይኑር፤ አውሮፕላኑ ተዳፋት ላይ ሲቆም ዝቅተኛው ቦታ እንደሚቀየርም ይታሰብ።

ማቀዝቀዣው የሚሰላው በቀጥታ በረራ አይደለም። በ65 ኖት እየወጣ፣ አፍንጫው ተነስቶ፣ 28 ዲግሪ ላይ ዘይቱ 130 ዲግሪ ሳይደርስ 5 ደቂቃ መቆየት አለበት። በቀጭን አየር ራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የአየር ክብደት ያንሳል፣ ተርቦው ግን ሙቀቱን አልቀነሰም። በዚህ የተነሳ ለባሕር ዳርቻ የተሠራ የራዲያተር ቱቦ ሐዋሳ ላይ ይጠባል። መግቢያውን ማስፋት ብቻ አይፈይድም፤ መውጫው ነው መስፋት ያለበት፤ አየሩ መውጫ ካጣ መግቢያው ላይ ተከምሮ ይፈስሳል። ከኮፈኑ ሥር መውጫው ጠርዝ ላይ 30 ዲግሪ ወደ ታች የታጠፈች ትንሽ ላሜራ ብዙ ጊዜ ከትልቅ ራዲያተር የተሻለ ትሠራለች።

ጅራቱ ላይ ስንደርስ ለመቆጠብ አንፈልግም፤ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሰው የሚያድነውም የሚገድለውም እዚህ ነው። ተማሪ ስቶል ይማራል፤ ስቶል የሚማር ሰው አንድ ቀን ረደሩን (በእግር የሚታዘዘውን የጅራት መሪ) አላግባብ ረግጦ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ውስጥ ይገባል። ለዚህ ክንፍ አግድሙ ጅራት 2.2፣ ቀጥ ያለው ደግሞ 1.35 ካሬ ሜትር ገደማ ሆነው ከክብደት ማዕከሉ 4 ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጡ። ስፋቱ ብቻ ግን ዋስትና አይደለም። በስፒን ውስጥ አየሩ ከታች ወደ ላይ ነው የሚመጣው፤ አግድሙ ጅራት ረደሩን ይጋርደዋል። ከአግድሙ ጅራት ፊተኛ ጠርዝ 60፣ ከኋለኛው ጠርዝ 30 ዲግሪ መስመር ወደ ላይ ቢሳል፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል የገባው የረደር ክፍል እንደሌለ ይቆጠራል። ከረደሩ ቢያንስ ሲሶው ከዚህ ጥላ ውጪ ይሁን። ቀላሉ መፍትሔ አግድሙን ጅራት ትንሽ ወደ ፊት ማምጣት ወይም ረደሩን ከአካሉ በታች ጫፍ ድረስ ማውረድ ነው።

ክንፉ ከሥሩ ቀድሞ ስቶል እንዲያደርግ ጫፉ በ2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ታች ይጠምዘዝ፤ ኤለሮኑ (ክንፉ ጫፍ አካባቢ ያለው ማዘንበያ ሳንቃ) እስከ መጨረሻው እንዲሠራ። ማስጠንቀቂያው ድምፅ ከስቶል ቢያንስ 5 ኖት ቀድሞ ይጩህ፤ ከ10 በላይ ቀድሞ ከጮኸ ግን ተማሪው በየማረፊያው እየሰማው ይለምደውና ጩኸት መሆኑ ይቀራል። ሁለቱ መቀመጫዎች በተቻለ መጠን ክብደት ማዕከሉ ላይ ይሁኑ። አስተማሪው ወርዶ ተማሪው የመጀመሪያውን ብቸኛ በረራ ሲያደርግ 90 ኪሎ በአንዴ ይወርዳል፤ ሚዛኑ በዚህ መቀየር የለበትም። በሙከራ ጊዜ ስፒኑ በክብደት ማዕከሉ የፊትና የኋላ ገደብ፣ በግራም በቀኝም፣ ከፓራሹት ጋር ይሞከር። አንድ ዙር ከዞረ በኋላ ከአንድ ተጨማሪ ዙር ባነሰ ጊዜ ካልወጣ ወደ ሰሌዳው ይመለስ፤ «ስፒን ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ መሸጥ ለማሠልጠኛ አውሮፕላን አይሆንም።

ማረፊያ እግሩ በቁጥር ይሰላል። ደንቡ የሚጠይቀው የጠብታ ሙከራ ለዚህ የክንፍ ጭነት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪ ግን በደንብ አያርፍም። በሐዋሳ አየር ደግሞ መርፌው ያው 58 ኖት ቢያሳይም ጎማው መሬት የሚነካው በ66 ነው፤ ፍሬኑ የሚበላው ጉልበት 29 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ 45 ሴንቲ ሜትር ብንጥለው እንመርጣለን። ኋለኞቹ እግሮች ባሌስትራ ይሁኑ፤ ዘይትም ጋዝም የሌለው፣ ተቆልምሞ የሚታይ። የፊተኛው እግር እሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሰቀል። በአፍንጫ የሚያርፍ ተማሪ ግድግዳውን ያጨማድዳል፤ ይህ በዓለም ዙሪያ በማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ላይ የሚታይ የታወቀ ጉዳት ነው። እግሩ በራሱ የብረት ቱቦ ማዕቀፍ ላይ ይቀመጥ፤ ማዕቀፉ በስድስት ቡሎን ወጥቶ ይቀየር። የጎን ነፋስን በተመለከተ ደንቡ 10 ኖት ይበቃል ይላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቅ የሚነሳ ነፋስ ላለበት ቦታ 15 እንጠይቃለን፤ ረደሩም በዚያ ይሰላ።

አካሉ ከምን ይሠራ ለሚለው፣ ፋይበር ያምራል፣ ለስላሳ ነው፣ ፈጣንም ነው። ግን በተራ ሙቀት የደረቀ ሙጫ ፀሐይ ላይ ሲቆም ከ55 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መላላት ይጀምራል፤ ነጭ ካልተቀባ ክንፍ ላይ ያ ሙቀት በቀላሉ ይገኛል። በምድጃ ማብሰል ይፈታዋል፤ ምድጃውም የጥራት ቁጥጥሩም መኖር አለበት። ለመጀመሪያ ንድፍ አሉሚኒየም ላሜራና ሪቬት እንመርጣለን። የተጎዳውን ላሜራ ቆርጦ የሚለጥፍ ቴክኒሺያን አገር ውስጥ ሞልቷል። ኮፈኑ፣ የክንፍ ጫፎችና የጎማ ሽፋኖች ብቻ ፋይበር ይሁኑ። ይህ ከዜሮ መጀመር አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ አውሮፕላን «እሸት» ብሎ አዲስ አበባ ላይ ገጣጥሟል፣ ለቦይንግም በአንድ ላይ የታሰሩ የአውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ያመርታል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ ኋላ ኢጣልያ ወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. የመለሰቻት «ፀሐይ» አውሮፕላን በ115 ጉልበት ሞተር ነበር የተነሳችው፤ ከሐዋሳ እጅግ ከፍ ባለ ሜዳ። ያኔ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ አሞራ ገደልን የሚያውቅ ሰው አባ ኮዳን ያውቃል። እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን ወፍ ነው። በዚህ ክብደት ክፍል ላሉ አውሮፕላኖች የፊት መስታወት የወፍ ግጭት እንዲችል የሚያስገድድ ደንብ የለም፤ 3 ሚሊ ሜትር አክሪሊክ ደግሞ ተሰባብሮ ፊት ላይ ይመጣል። መሃል ላይ ቋሚ ምሰሶ ያለው፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ይደረግ፤ አራት አምስት ኪሎ ይጨምራል፣ ይጨምር። አባ ኮዳ የሚንሳፈፈው መሬቱ ሞቆ አየሩ መነሳት ሲጀምር ስለሆነ የመጀመሪያ ብቸኛ በረራዎች በማለዳ ቢደረጉ ሁለት ጥቅም አለው።

ከመብረር በፊት ክንፉ መሬት ላይ ይፈተን። ማሠልጠኛ ስለሆነ ከተራው 3.8 ይልቅ የክብደቱን 4.4 እጥፍ ጭነት እንዲችል እንፈልጋለን፤ የደኅንነት ማባዣው 1.5 ሲጨመር 6.6 ይሆናል። 750 ኪሎ በ6.6 ሲባዛ 4,950፤ ሁለቱ ክንፎች አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ በበረራ ላይ የራሳቸው ክብደት ወደ ታች ስለሚጎትት ወደ 590 ኪሎ ይቀነሳል፤ 4,360 ኪሎ ይቀራል። ለአንድ ክንፍ 22 ኩንታል አሸዋ ማለት ነው። ክንፉ ተገልብጦ ይታሰራል፣ አሸዋው በ25 ኪሎ ከረጢት እየተመዘነ ይጫናል። ከረጢቱ ሥር ላይ ይበዛል፣ ወደ ጫፍ ይሳሳል፤ አከፋፈሉ የማንሻውን ስርጭት መከተል አለበት። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ከረጢቶቹን አጠጋግቶ መደርደር ነው። ክንፉ ሲታጠፍ ከረጢቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው እንደ ቅስት ይቆሙና ጭነቱን ራሳቸው ይሸከማሉ፤ ክንፉ ያልተሸከመውን ጭነት ተሸከመ ተብሎ ይመዘገባል። በየረድፉ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። አሸዋው ደረቅ ይሁን፤ በዝናብ ሰሞን ሌሊት ውጭ ያደረ ከረጢት በማግሥቱ 25 ኪሎ አይደለም፣ እንደገና ይመዘን። 4.4 ላይ ሲደርስ ከረጢቱ ሁሉ ይውረድና ክንፉ ወደ ቦታው መመለሱ በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ሪቬቶቹም አንድ በአንድ በእጅ ባትሪ ይታዩ፣ ዙሪያቸው ጥቁር ዱቄት ወይም የተጨማደደ ላሜራ ካለ እዚያው ይቁም። ተመልሶ ከተገኘ እንደገና እስከ 6.6 ይጫናል፤ ሳይሰበር 3 ሴኮንድ መቆም አለበት። ሙከራው በቪዲዮ ይቀረጽ፣ ከረጢት የሚጭኑት ሰዎችም ከክንፉ ሥር አይግቡ፤ የየክንፉ ጫፍ መታጠፍ ከእያንዳንዱ ረድፍ በኋላ ይጻፍ። የሐዋሳ ሜዳ ላይ ለመውጣት ፈቃድ ሲጠየቅ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መሐንዲስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ሰንጠረዥ ነው።